አተር ቆጣሪው መነኩሴ፦ የግሬጎር ሜንዴል ሕይወት

በዚህ እትም የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ዓምዳችን ላይ የምናስተዋውቃችሁ አንድ መነኩሴ ነው። ይህ ሰው ስምንት ዓመት ሙሉ አተር እየዘራ፣ አተር እየለቀመ፣ አተር እየቆጠረ የኖረ ነው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ትንንሾቹ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ሆናችሁ ብታነቡት ይሻላል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲወለድ፣ አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሁሉ ቶሎ ብሎ የሚያየው መልኩን ነው። አንዱ ቁርጥ አባቱን ነው ይላል። ሌላዋ ደግሞ የለም፣ አፍንጫው የእናቱ ነው ብላ ትከራከራለች። አንዳንዴም አያት ብድግ ይሉና ልጁ እናቱንም አባቱንም ትቶ ቅድመ አያቱን እንደመሰለ ይናገራሉ። ግን ይህ እንዴት ይሆናል? በልጅ ላይ ሳይታይ የቀረ መልክ በልጅ ልጅ ላይ ብቅ የሚለው በየት በኩል አልፎ ነው? እስከዚያ ድረስስ የት ተደብቆ ቆየ?

ገበሬዎች ለብዙ ሺህ ዓመታት ጥሩ ዘር ለይተው ሲዘሩ፣ ጥሩ ላም ከጥሩ ኮርማ ጋር ሲያዳቅሉ ኖረዋል። ልጅ ወላጁን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። እንዴት እንደሚመስል ግን የሚያውቅ አልነበረም። ብዙ ሊቃውንት የእናትና የአባት ባሕርይ እንደ ቡናና ወተት የሚደባለቅ ይመስላቸው ነበር። ወተት አንዴ ቡና ውስጥ ከገባ ደግሞ ተለይቶ አይወጣም። ይህን አስተሳሰብ የሻረው ግሬጎር ሜንዴል ነው። የሻረውም በአተር ነው።

የገበሬው ልጅ

ሜንዴል የተወለደው በሐምሌ ወር 1822 በያኔው የኦስትሪያ ግዛት፣ ሃይንዘንዶርፍ በምትባል ትንሽ መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ በቼክ ሪፑብሊክ ውስጥ ትገኛለች። ቤተሰቡ የሚናገሩት ጀርመንኛ ሲሆን፣ ሲወለድ የወጣለት ስም ዮሃን ነበር። ግሬጎር የሚለውን ስም ያገኘው ኋላ ሲመነኩስ ነው።

አባቱ አንቶን ሜንዴል ገበሬ ነበሩ። የራሳቸው ማሳ ቢኖራቸውም በሳምንት ሦስት ቀን ለባላባቷ መሬት ያለ ክፍያ መሥራት ነበረባቸው። ወላጆቻችሁን ብትጠይቋቸው፣ በሀገራችንም በድሮ ጊዜ ገበሬው ለባላባቱ እንዲህ ያለ የሁዳድ ሥራ ይሠራ እንደነበር ይነግሯችኋል። አባትዬው በተረፋቸው ጊዜ የፍራፍሬ ዛፍ መትከልና ማዳቀል ይወዱ ነበር። ትንሹ ዮሃንም ከሥራቸው አይጠፋም። አንዱን ቅርንጫፍ ከሌላው ግንድ ጋር እንዴት እንደሚያጣብቁ እያየ፣ ንብ እንዴት እንደሚያዝ እየተማረ አደገ። የመንደሩ ትምህርት ቤትም ከንባብና ከሒሳብ ሌላ ስለ ፍራፍሬና ስለ ንብ ያስተምር ነበር።

መምህሩ ልጁ ጎበዝ መሆኑን አዩና ከመንደሩ ወጥቶ የበለጠ ትምህርት እንዲማር ለወላጆቹ ነገሯቸው። ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሁለት እህቶች እንጂ ወንድም የለውም፤ እርሻውን ይረከባል ተብሎ የሚጠበቀው እሱ ነው። ያም ሆኖ ወላጆቹ እሺ አሉ። ኋላም ኦፓቫ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጀመረ። ወላጆቹ የምግቡን ሙሉ ወጪ መክፈል ስለማይችሉ፣ ጋሪ ወደ ከተማ በሄደ ቁጥር ዳቦና ቅቤ ይልኩለት ነበር። ልጁ ብዙ ቀን በረሃብ ነው የተማረው።

የእህት ውለታ

በ1838 ቤተሰቡ ላይ ከባድ አደጋ ደረሰ። አባቱ ለባላባቷ እንጨት ሲቆርጡ ግንድ ወድቆባቸው ክፉኛ ተጎዱ። ከዚያ ወዲያ እንደ በፊቱ መሥራት አልቻሉም። ዮሃን ያን ጊዜ ገና 16 ዓመቱ ነበር። ከቤት የሚመጣለት ነገር ስለቀረ፣ ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠና ራሱን ማስተዳደር ጀመረ። ድካሙና ጭንቀቱ ሲበዛበት ታሞ ወደ ቤቱ ይመለስና ለወራት ይተኛ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ወደ ኦሎሞውትስ ከተማ ለከፍተኛ ትምህርት ሲሄድ ደግሞ ገንዘቡ ጨርሶ አለቀ። አባትዬው እርሻውን ለታላቂቱ ልጃቸው ባል አስረከቡ። በዚህ ጊዜ የደረሰችለት ታናሽ እህቱ ቴሬዚያ ናት። ስታገባ ለትዳር መቋቋሚያ ከተመደበላት ገንዘብ ላይ ቀንሳ ለወንድሟ ትምህርት ሰጠችው። በዚያ ዘመን ለአንዲት የገበሬ ልጅ ይህ ትልቅ መሥዋዕትነት ነው።

ሜንዴል ይህን ውለታ አልረሳም። ከብዙ ዓመታት በኋላ የቴሬዚያን ሦስት ወንዶች ልጆች እሱ አስተማረ። ሁለቱ ሐኪም ሆኑ። ልጆች፣ ከሀገር ቤት ለሚማር ዘመድ ወላጆቻችሁ ገንዘብ ሲልኩ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እንዲህ ያለ መተጋገዝ የት ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ ታያላችሁ።

ወደ ገዳም

ሜንዴል መማር ይፈልጋል፣ ገንዘብ ግን የለውም። የፊዚክስ መምህሩ በ1843 ብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም እንዲገባ ረዱት። በጊዜው ከተማዋ በጀርመንኛ ብሩን ትባል ነበር። ገዳሙ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ሲሆን ጸሎት ብቻ የሚደረግበት ቦታ አልነበረም። ትልቅ ቤተ መጻሕፍት አለው። መነኮሳቱ ፍልስፍና፣ ሙዚቃ፣ ሒሳብና የዕፅዋት ጥናት ያውቃሉ፤ በከተማው ትምህርት ቤቶችም ያስተምራሉ። አበምኔቱ ሲሪል ናፕ ራሳቸው ስለ በግና ስለ ፍራፍሬ ማዳቀል የሚመራመሩ ሰው ነበሩ። ዮሃን እዚህ ገብቶ ግሬጎር ተባለ። በ1847 ቅስና ተቀበለ።

ቄስ ሆኖ መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ የታመሙ ሰዎችን መጠየቅ ነበር። ነገር ግን የሰው ሥቃይ ማየት አልቻለም፤ ራሱም ታመመ። አበምኔቱ ይህን ሲያዩ አልተቆጡትም። ሌላ ሥራ ፈለጉለትና በ1849 ዝኖይሞ በሚባል ከተማ መምህር ሆኖ ተላከ። ተማሪዎቹ በጣም ወደዱት። ሰውዬው ያለ ቦታው ነበር ማለት ነው፤ ቦታውን ሲያገኝ ሌላ ሰው ሆነ።

ፈተናውን ወደቀ

ቋሚ መምህር ለመሆን ግን የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ሜንዴል በ1850 ተፈተነና ወደቀ። ከወደቀባቸው ትምህርቶች አንዱ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ስለ ተፈጥሮ የሚጠይቀው ነበር።

መውደቁ ግን በር ከፈተለት። አበምኔቱ በደንብ እንዲማር ብለው ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኩት። ከ1851 እስከ 1853 እዚያ ተማረ። ፊዚክስ ካስተማሩት አንዱ ታዋቂው ክርስቲያን ዶፕለር ነው። ከፊዚክስና ከሒሳብ መምህሮቹ ነገርን በቁጥር መለካት ተማረ፤ ከዕፅዋት መምህሩ ከፍራንዝ ኡንገር ደግሞ ዕፅዋት ከሕዋስ እንደሚሠሩ ተማረ። ያኔ የዕፅዋት ተመራማሪ ስለሚያየው ነገር ይጽፋል እንጂ ብዙም አይቆጥርም። ሜንዴል ሁለቱን አጣመረ።

በ1856 ፈተናውን ሊደግም ቢሞክርም አልተሳካለትም። ስለዚህ ለ14 ዓመት ያስተማረው በተተኪ መምህርነት ነበር። የመምህርነት የምስክር ወረቀት ሳያገኝ ነው ይህ ዓለም ያለፈው። ግን በዚያው በ1856 ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር።

ለምን አተር?

ከገዳሙ ሕንፃ ሥር 35 ሜትር በ7 ሜትር የሚሆን ጠባብ የአትክልት ቦታ ነበር። ሜንዴል መጀመሪያ ሁለት ዓመት ወስዶ 34 ዓይነት አተር ሰብስቦ ፈተሸ። ከዚያ መካከል ባሕርያቸው ከዓመት ዓመት የማይለዋወጠውን 22 ዓይነቶች መረጠ።

አተር ለምን መረጠ? አንደኛ፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ቦታም አይፈጅም። ሁለተኛ፣ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፍሬው ወይ ክብ ነው ወይ የተጨማደደ፤ ወይ ቢጫ ነው ወይ አረንጓዴ። ተክሉ ወይ ረጅም ነው ወይ አጭር። መሃል ሰፋሪ የለም። ሦስተኛ፣ የአተር አበባ ዝግ ስለሆነ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ማን ከማን እንደተዳቀለ መቆጣጠር ይቻላል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አበባው ሳይፈነዳ በጥንቃቄ ይከፍተዋል። ብናኝ የሚያወጡትን የወንዴ ክፍሎች በመቆንጠጫ ይነቅላል። ከሌላ ተክል ያመጣውን ብናኝ በብሩሽ ይቀባዋል። ከዚያ ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት መጥተው ነገሩን እንዳያበላሹበት አበባውን በትንሽ ከረጢት ይሸፍነዋል። ይህን አንድ ጊዜ ወይም አሥር ጊዜ ብቻ አይደለም ያደረገው። እስከ 1863 ድረስ ባሉት ስምንት የእርሻ ወቅቶች ወደ 28,000 የሚጠጉ የአተር ተክሎችን መርምሯል። ያውም ከማስተማሩና ከጸሎቱ ጋር።

ቆጠራው

እስቲ አንዱን ሙከራ ብቻ እንይ። ሜንዴል ክብ ፍሬ ያለውን አተር የተጨማደደ ፍሬ ካለው ጋር አዳቀለ። ልጆቻቸው ምን ሆኑ? ግማሽ የተጨማደዱ ሆኑ? ወይስ መሃል ላይ ያለ ነገር? አይደለም። ሁሉም ክብ ሆኑ። የተጨማደደው ባሕርይ ድራሹ ጠፋ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ሜንዴል ግን እነዚያን ክብ አተሮች ዘርቶ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያዳቅሉ ተዋቸው። የልጅ ልጆቹን ሲለቅም የጠፋው ተመልሶ መጣ! ቁጭ ብሎ ቆጠራቸው። ከ7,324 ፍሬዎች ውስጥ 5,474ቱ ክብ፣ 1,850ዎቹ ደግሞ የተጨማደዱ ሆነው ተገኙ። አካፍላችሁ እዩት፤ ሦስት ለአንድ ይጠጋል። ቀለሙንም ሞከረ። ከ8,023 ፍሬዎች 6,022ቱ ቢጫ፣ 2,001ዱ አረንጓዴ ሆኑ። አሁንም ሦስት ለአንድ። በመረጣቸው ሰባት ባሕርያት ሁሉ ውጤቱ ይኸው ሆነ።

ከዚህ ተነስቶ ሜንዴል እንዲህ አሰበ። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ሁለቱ ነገሮች አብረው ይቀመጣሉ እንጂ እንደ ቡናና ወተት አይደባለቁም። አንዱ አውራ ነው፤ ካለ ይታያል። ሌላው ተደባቂ ነው፤ ከአውራው ጋር ሲሆን አይታይም፣ ግን አይጠፋም። ተክሉ በተራው ሲራባ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለልጁ ያስተላልፋል። የትኛውን? ሳንቲም እንደመወርወር ነው፤ ዕድል ነው። አንድ ልጅ ከሁለቱም ወገን ተደባቂው ከደረሰው፣ ያ ከአያት የመጣ ባሕርይ እንደገና ብቅ ይላል። ይህ ዕድል ከአራት አንድ ነው። ሦስት ለአንድ ማለት ይኸው ነው።

ማረጋገጫም አላጣም። ከክቦቹ ፍሬዎች 565 ተክሎች አበቀለ። ከነዚህ 193ቱ ክብ ፍሬ ብቻ ሰጡ። 372ቱ ግን ክብም የተጨማደደም ሰጡ። ከውጭ ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ከውስጥ ግን ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የተደበቀ ነገር ይዘው ነበር።

ማንም ልብ አላለውም

ሜንዴል በየካቲትና በመጋቢት 1865 በብርኖ የተፈጥሮ ሳይንስ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሥራውን በሁለት ምሽት አቀረበ። ሰዎቹ አዳመጡት። የነገሩን ትልቅነት ግን አልተረዱም። የዕፅዋት ጥናት በሒሳብ ሲቀርብ ለጆሯቸው እንግዳ ነበር። ጽሑፉ በ1866 ታትሞ ከ100 በላይ ለሆኑ ቤተ መጻሕፍትና ተቋማት ተላከ። እሱም ራሱ 40 ቅጂ አሳትሞ ለሚያውቃቸው ምሁራን አደለ።

መልስ ከሰጡት ጥቂቶች አንዱ በሙኒክ የነበሩት ታዋቂው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ኔጌሊ ናቸው። እሳቸውም በሥራው አላመኑም። ይልቁንም እሳቸው በሚያጠኑት ሃውክዊድ በሚባል አበባ ላይ እንዲሠራ አበረታቱት። ሜንዴል ዓይኑ እስኪታመም ድረስ በዚያች ደቃቃ አበባ ላይ ለፋ። ውጤቱ ግን ከአተሩ ጋር አልገጥም አለ። ምክንያቱን ያኔ ማንም አያውቅም ነበር፤ ያ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ዘር የሚያፈራው ሳይዳቀል ነው። ያልተዳቀለ ነገር የአባትን ባሕርይ ከየት ያመጣል?

በ1868 አበምኔት ናፕን ተክቶ የገዳሙ አበምኔት ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ወዲያ ጊዜ አጣ። መንግሥት በ1874 በገዳማት ላይ አዲስ ግብር ሲጥል አልከፍልም ብሎ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሟገተ። ያም ሆኖ ንብ ማነቡን፣ የአየር ሁኔታ መለካቱን አልተወም። በየቀኑ ሙቀቱንና ዝናቡን ይመዘግብ ነበር። በ1870 ብርኖን የመታውን አውሎ ነፋስም መርምሮ ጽፎበታል።

ጥር 6 ቀን 1884 በኩላሊት በሽታ በ61 ዓመቱ አረፈ። በቀብሩ ላይ ሙዚቃውን የመራው ወጣት ኋላ በዓለም የታወቀው ሊዮሽ ያናቼክ ነው። ከተማው ያዘነው ለደጉ አበምኔት፣ ለድሆች ረዳት፣ ለጥሩ መምህር ነበር። ለታላቅ ሳይንቲስት ያለቀሰ አልነበረም፤ ማን አውቆት? ከወረቀቶቹም ብዙዎቹ ተቃጠሉ።

ከ34 ዓመት በኋላ

በ1900 ሦስት ተመራማሪዎች፣ የሆላንዱ ሁጎ ደ ፍሪስ፣ የጀርመኑ ካርል ኮረንስና የኦስትሪያው ኤሪክ ፎን ቼርማክ፣ በየፊናቸው በዕፅዋት ላይ ሲሠሩ ወደዚያው ሕግ ደረሱ። የቀድሞ ጽሑፎችን ሲያገላብጡ ግን አንድ መነኩሴ ከ34 ዓመት በፊት አሳትሞት አገኙ። እንደ ተጨማደደው አተር ተደብቆ የቆየው ሥራ ብቅ አለ። በ1905 እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን ለአዲሱ የትምህርት ዘርፍ ጄኔቲክስ የሚል ስም አወጣለት። በአማርኛ የዘረመል ጥናት እንለዋለን። ሜንዴል ነገር ብሎ ያሰበው ደግሞ በ1909 ጂን ተባለ። በ1910 በብርኖ ሐውልት ቆመለት።

ሕዋስ ውስጥ ምን ይሠራል?

ሜንዴል ጂንን በዓይኑ አላየም። ቆጥሮ ብቻ ነው መኖሩን ያወቀው። ጂን የሚሠራበት ነገር ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑ በ1944 ታወቀ፤ ቅርጹ በ1953 ተገለጠ። ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ተጠማዘዘ መሰላል ያለ ረጅምና ቀጭን ነገር ነው፤ በየሕዋሳችን ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። የእኛ ፊደል 33 ዘር ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ዝርዝር አለው። የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ግን አራት ብቻ ናቸው። በአራቱ የሰው ልጅም፣ የአተርም፣ የጤፍም ነገር ሁሉ ይጻፋል። ጂን ማለት ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ክፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ሕዋሱ አንድ ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ይነግረዋል። ፕሮቲኖቹ ደግሞ የሕዋሱ ሠራተኞች ናቸው።

የተጨማደደው አተር ምሥጢር የተገኘው በ1990 ነው። በክብ አተር ሕዋስ ውስጥ ስኳርን እያያያዘ ቅርንጫፍ ያለው ስታርች የሚሠራ አንድ ፕሮቲን አለ። በተጨማደደው አተር ግን ያንን ፕሮቲን በሚያዘው ጂን መሃል 800 ያህል ትርፍ ፊደላት ተሰንቅረዋል። በአንድ ዓረፍተ ነገር መሃል የማይመለከተው አንቀጽ ቢገባ ትርጉሙ እንደሚበላሽ ማለት ነው። ፕሮቲኑ በደንብ አይሠራም። ስለዚህ ስኳሩ ወደ ስታርች ሳይለወጥ ይቀራል። ስኳር ውኃ ይስባል፤ አተሩ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ሲደርቅ ውኃው ይወጣና ሰፊው ቆዳ ይጨማደዳል።

አንድ ጤነኛ ጂን ካለ ግን ሕዋሱ የሚበቃውን ያህል ፕሮቲን ይሠራል፤ አተሩም ክብ ይሆናል። ክቡ አውራ የሆነው ለዚህ ነው። ከሰባቱ ባሕርያት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ጂኖች የታወቁት በ2025 ነው። የሜንዴል የራሱ አጽምም በ2021 ወጥቶ ዲ.ኤን.ኤው ተነብቧል፤ ይህም ለ200ኛ የልደት በዓሉ የተደረገ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እንጠንቀቅ። የሰው ቁመት፣ የቆዳ ቀለም፣ የፊት መልክ እንደ አተር ቀላል አይደለም። ብዙ ጂኖች ተባብረው ይሠሩታል፤ አመጋገብና ኑሮም ይጨመርበታል። ስለዚህ እናንተን በአንድ ጂን የሚገልጽ ሰው ቢመጣ አትመኑት።

ለወላጆች ደግሞ ይህን እንበል። አንዳንድ በሽታዎች ልክ እንደ ተጨማደደው አተር ተደብቀው ይወረሳሉ። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ አንዱ ነው። እናትም አባትም ጤነኛ ሆነው ልጃቸው ሊታመም ይችላል፤ ሁለቱም አንድ አንድ ተደባቂ ጂን ከያዙ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። በድሮ ጊዜ እንዲህ ሲሆን እርግማን ነው፣ ወይም የእናትየዋ ጥፋት ነው ይባል ነበር። ብዙ ትዳርም በዚህ ፈርሷል። የሜንዴል ቆጠራ የሚነግረን ግን ጥፋተኛ አለመኖሩን ነው። የሳንቲም ውርወራ ነው፤ ከሁለቱም ወገን እኩል የመጣ ነው። በምርመራም ይታወቃል።

የአተር ነገር ከተነሳ፣ ኢትዮጵያም የራሷ አተር አላት። በትግራይ ደቆቆ የሚባለው ደቃቅ አተር በሰሜን ኢትዮጵያና በየመን የሚበቅል ሲሆን፣ ሳይንቲስቶች በሀገራችን የድሮ ስም አቢሲኒኩም ብለው ሰይመውታል። እንዲህ ያሉ የገበሬ ዘሮች ሌላ ቦታ የማይገኙ ጂኖች ስለያዙ ተጠብቀው መኖር አለባቸው።

ልጆች፣ ሜንዴል ፈተና ወድቋል፤ ታሟል፤ የሠራውን ማንም አልተረዳለትም። ሥራውን ግን በትክክል ሠርቶ፣ በትክክል ጽፎ አስቀመጠው። ለዚህ ነው ኋላ የመጡት ሲፈልጉት ያገኙት። እናንተም ደብተራችሁን በንጽሕና ያዙ!

ቃላት
አበምኔት፦ የገዳም አስተዳዳሪ
ሁዳድ፦ ገበሬዎች ተጠርተው ያለ ክፍያ የሚያርሱት የባላባት እርሻ
ማዳቀል፦ ሁለት የተለያዩ ዓይነቶችን ማራባት
ሕዋስ፦ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የሚሠራበት በጣም ትንሽ ክፍል
ውለታ፦ አንድ ሰው ያደረገልን መልካም ነገር

ጥያቄዎች
1. ሜንዴል ለሙከራው አተርን የመረጠባቸውን ሦስት ምክንያቶች ጻፉ።
2. የክብና የተጨማደደ አተር ልጆች ሁሉም ክብ ሲሆኑ፣ የተጨማደደው ባሕርይ የት ሄደ?
3. ቴሬዚያ ለወንድሟ ምን አደረገችለት? እሱስ ውለታዋን እንዴት መለሰ?

የቤት ሥራ
ከወላጆቻችሁ ጋር ሁለት ሳንቲም ያዙ። አንዱ እናት፣ ሌላው አባት ይሁን። የሰው ምስል ያለበት ወገን ክብ፣ ሌላው ወገን የተጨማደደ ነው እንበል። ሁለቱን አንድ ላይ 40 ጊዜ ወርውሩና እያንዳንዱን ውጤት መዝግቡ። ቢያንስ አንድ ምስል ከወጣ አተሩ ክብ ነው። ሁለቱም ያለ ምስል ከወጡ አተሩ የተጨማደደ ነው። ስንት ለስንት ሆነ? የሁላችሁንም ቁጥር በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደምረዋለን። ቁጥሩ ሲበዛ ወደ ሦስት ለአንድ ይጠጋ እንደሆነ አብረን እናያለን።

እስከዚያው ደህና ሰንብቱ!